ለአንድ ባትሪ ያስማልኩት ሰው

ያልሰረቀን ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ አቁሜ አስምያለሁ። የመሐላውን ቃል የመረጥኩለትም እኔ ነኝ። ይህ በጽሑፍ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። በአገራችን የሰው ዕቃ ሲሰረቅ መንደሩ ሁሉ ይጮኻል፤ የሰው ስም ሲሰረቅ ግን የሚጮህለት የለም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ፍርድ ስጮህ የኖርኩ ሴት ነኝ። በእርሻ ድንበር፣ በምንጭ ውሃ ተራ፣ በማኅበር እህል ስፍር ዝም ብዬ አላውቅም። በራሴም ላይ ዝም አልልም።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የለም። አጻጻፌ ቀርፋፋ ነው። ቢሆንም የምጽፈው የሆነውን ነው።

ባለቤቴ የዜማ መምህር ነበሩ። ዲማ ተምረው መጥተው በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ጸጉራቸው እስኪነጣ አገልግለዋል። መንደራችን ከሉማሜ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸው ስለነበር እኔም እንደ እነሱ «የኔታ» ስል ኖርኩ። በመጨረሻው ዓመት ደረታቸውን ሲያማቸው፣ ደብረ ማርቆስ በመንግሥት ሥራ የሚኖረው ልጃችን መጥቶ ድምፃቸውን በስልኩ ቀዳ። አልጋው ላይ ትራስ ደግፈንላቸው፣ የሚወዱትን ዜማ ከመነሻው እስከ መድረሻው አሉት። ድካማቸው ይሰማል፤ ዜማው ግን አንድም ቦታ አልተሰበረም።

ዜማው ሲያልቅ ልጃችን ቶሎ አላጠፋውም። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ሳል ይሰማል። ቀጥሎ ዝም ይላል። ከዚያ የኔታ፣ «አንቺ፣ ወዴት ሄድሽ? ነይ እንጂ፣ በረደኝ» ይላሉ። ከጓዳ ስመጣ የእግሬ ኮቴ ይሰማል። እዚያ ላይ ያበቃል።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ልጄ ለራሱ ሌላ ስልክ ገዝቶ አሮጌውን ለእኔ ሰጠኝ። «ድምፃቸው እዚህ ውስጥ አለልሽ፣ እማዬ» አለኝና የት እንደምነካ አሳየኝ። ሁለት ሺ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ በገጠሩም ስልክ የሌለው ቤት እየጠፋ ነበር። መብራት ግን አልነበረንም። ስለዚህ ስልኩን ሳምንቱን ሁሉ አጥፍቼ፣ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አውጥቼ እከፍተዋለሁ፤ መጀመሪያ ለልጄ እደውላለሁ፣ ከዚያ በሩን ዘግቼ የኔታን እሰማለሁ። ከመጀመሪያው ነው የምሰማው። ልጄ ጣቴን ገፋ አድርጌ ወደ መጨረሻው መዝለል እንደምችል ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን የዜማ መምህር ሚስት ነኝ፤ ዜማን ከመሐል አልቆርጥም። «በረደኝ» የሚለውን ለመስማት ዜማውን ጨርሼ መድረስ አለብኝ።

ባትሪው ቅዳሜ ገበያ ላይ ይሞላል። በገበያው ዳር፣ ከሌላ ወረዳ የመጣ አንድ ሰው ነበር። ከቆርቆሮ ቤቱ ደጅ ላይ ሶላር ዘርግቶ የገጠሩን ባትሪ ሁሉ የሚሞላው እሱ ነበር። «ባለሶላሩ» እንለው ነበር። ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት፤ ዘመድ ግን አልነበረውም። ሰው ባትሪውን ብቻ ነቅሎ ይሰጠዋል፤ እሱ በፕላስተር ቁጥር ይለጥፍበትና ያንኑ ቁጥር በካርቶን ቁራጭ ጽፎ ይሰጣል። ገበያው ሲበተን ካርቶኑን መልሰን ባትሪያችንን እንወስዳለን። ጥሩ ሥርዓት ነበር። እኔ ግን በማላውቀው ሰው ሥርዓት አላምንም። ስልኩ በተሰጠኝ ሰሞን ስክሪብቶ አምጥቼ ከባትሪው ጀርባ ትንሽ መስቀል አደረግሁበት። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲያ መስቀሉ ይኑር አይኑር ገልብጬ አላየሁም። ይህንን ጥፋቴን እዚሁ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ በኋላ ይፈለጋልና።

ፋሲካን ልጄ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ዋልኩ። እዚያ ቤት ኢንተርኔቱ በአየር ይገባል። ከምሳ በኋላ ልጄ ስልኬን አንስቶ ሲነካካ፣

«እማዬ፣ ስልክሽ አፕዴት እየጠየቀ ነው» አለኝ።

«ምንድን ነው የሚጠይቀው?»

«አዲስ ነገር መጥቶለታል። ውስጡን ያድስልሻል። ላድርገው?»

«ፋሲካ ነው፤ ዛሬ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል። ስጠው!» አልኩ። ሁሉም ሳቁ።

ስልኩ ያን ከሰዓት መደርደሪያ ላይ ተሰክቶ ዋለ። ስነካው ዶሮ የታቀፈችው እንቁላል ይመስል ይሞቃል። ማምሻውን ሲከፈት መልኩ ተለውጧል፤ ፊደሉ ቀጥኗል፣ ሥዕሎቹ ቦታ ቀይረዋል። ልጄ የኔታ ያሉበትን ፈልጎ አሳየኝ። «አማረበት» አለች ምራቴ። እኔም አመስግኜ አገሬ ገባሁ።

በመጀመሪያው እሑድ ስልኩን ስከፍት አልከፈት አለኝ። ድሮ አባታችን ሆይን ሳልጨርስ ይነሣ ነበር፤ አሁን ሦስት ጊዜ ደግሜም ገና ነው። ሲነሣ ይንቀረፈፋል፤ ስነካው ቆይቶ እንደ ደንቆሮ ሽማግሌ ዘግይቶ ይመልሳል። ለልጄ ደወልኩ። ከዚያ የኔታን ከፈትኩ። ዜማው ዝቅ ብሎ እንደገና ከሚነሣበት ቦታ ሲደርስ ስልኩ በእጄ ላይ ጠፋ። ባትሪው ግማሽ ያህል አለኝ እያለ ነበር የጠፋው።

በሁለተኛው እሑድም እዚያው ላይ ሞተ። በሦስተኛው ከዚያም ቀደም ብሎ። ቅዳሜ ባለሶላሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ጎዶሎ ነው የምትሰጠኝ» አልኩት።

«እማማ፣ ሙሉ አድርጌ ነው የሰጠሁዎ። ስልኩ ነው የሚጠጣው።»

«ስልክ ጉሮሮ አለው?»

«አለው እንጂ!» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ከእጁና ከጨርቁ የአረቄ ሽታ መጣብኝ። ጠጪ ነው ብዬ በልቤ ያዝኩ። ቤቴ ገብቼ ባትሪውን ነቅዬ ገለበጥኩት። መስቀሉ የለም።

አሁን ስመለከተው፣ በዚያች ደቂቃ ማንንም መጠየቅ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ፈረድኩ። ደህናውን ባትሪዬን ለሌላ ሰጥቶ የሞተ ባትሪ አስታቅፎኛል አልኩ። ወደ ሦስት ሽማግሎች ሄጄ ነገሩን ስነግራቸው ደግሞ የባሰውን ጨመርኩበት። «የመስቀሉን ምልክት ለእሱ እንዳትነግሩት፤ ከሰማ ሰበብ ያበጃል» አልኳቸው። ብልህ ፍርድ መስሎኝ ነው። ሌባ ፊት ማስረጃ አይገለጥም ይባላል፤ ሌባ መሆኑ ግን ገና አልተፈረደም ነበር።

ሽማግሎቹ ጠሩት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ከቄሱ ጋር ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ፣

«አንተ፣ የእኚህን ሴት ባትሪ ለውጠሃል?» አለው።

«አልለወጥኩም፣ አባቴ።»

«ለሌላ ሰው በስሕተት ሰጥተህ ይሆን?»

«ቁጥር አለው። አልሰጠሁም።»

«እንግዲያውስ ይማል!» አልኩ።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወንጌል አትማሉ ይላል። ለአንድ ባትሪ?»

«ለባትሪ አይደለም» አልኳቸው። «የየኔታ ድምፅ ነው የተቆረጠብኝ። የእሳቸው ዜማ ባይቆረጥ ኖሮ እኔም መሐላ አልጠይቅም።» የኔታን የማያከብር ስላልነበረ ቄሱ ክርክሩን ተዉት። ስማቸውን እንደ ዱላ ነው ያነሣሁት።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ባለሶላሩ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ ቆመ። ሽማግሎቹ ቀለል ያለ መሐላ ሊያስምሉት ነበር። እኔ አይሆንም አልኩ። «‹ሰርቄ እንደሆነ የምበላበት ይሰበር› ይበል» አልኩ። ሰውዬው ዘወር ብሎ አየኝ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ ደንግጦ ነበር። ሚስቱ ታናሹን ልጅ አዝላ ከሴቶቹ መሐል ቆማለች። «ሰርቄ እንደሆነ የምበላበት ይሰበር» አለ፤ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ። እኔም «አሜን» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ባትሪዬን በሰው እጅ ሉማሜ እየላክሁ አስሞላሁ። እዚያ መብራት አለ። ስልኩ ያው እንደ ቀድሞው ይሞታል። የተለወጠ ባትሪ ስለሆነ ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ክረምቱን ሁሉ የኔታ «በረደኝ» ሳይሉኝ አለፈ።

ነሐሴ ሊወጣ ሲል በረዶ ወረደ። እንዲያ ያለ በረዶ አይቼ አላውቅም፤ የእኔን ገብስ መሬት ላይ አነጠፈው፣ የጎረቤቴን ባቄላ ገርፎ አገዳውን ብቻ አስቀረው፣ የቄሱን ጥጃ ገደለው። በማግሥቱ ከገበያው ወሬ መጣ። የባለሶላሩ ሶላር እንደ ብርሌ ተሰባብሯል።

«መሐላው ያዘው!» አለ መንደሩ። በምንጩ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በተዝካሩ ሌላ ወሬ አልነበረም። «የምበላበት ይሰበር አለ፤ ይኸው ተሰበረ።» አንዲት ሴት እጄን ስማ፣ «እርስዎ የሚሉት አይወድቅም» አለችኝ። የእያንዳንዳችን ማሳ በዚያው በረዶ ወድሞ ቆመን ነው ይህን የምንለው። እኛስ ምን ብለን ምለን ነበር? ገብሴስ በማን መሐላ ወደቀ? ይህን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ደስ አለኝ ብል እውነት ነው፤ አንድ ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውዬው ቆርቆሮውን ነቃቅሎ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከገበያው ጠፋ። ባትሪውን የሚሰጠው ሰው አልነበረምና ሌላ ሶላር መግዛትም አይረባውም ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ አዲስ ባትሪ ልገዛ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ከአውቶቡስ ወርጄ በባጃጅ ወደ ገበያው ወረድኩና አንዲት ስልክ የምትጠግን ሴት አገኘሁ። ጠረጴዛዋ ላይ የተከፈቱ ስልኮች፣ መርፌ የሚያካክሉ መፍቻዎች አሉ። ባትሪዬንና ስልኬን ሰጠኋት።

«ባትሪ ተለውጦብኛል። ሌላ ስጪኝ።»

ባትሪውን ነቅላ አየችው፤ የስልኩንም ሆድ አየች። «ማን ለወጠብዎ፣ እማማ? ይህ እኮ ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣው ነው። ይዩ፣ የተሠሩበት ወር እንኳ አንድ ነው።»

«አይደለም። የሞተ ባትሪ ነው።»

«አልሞተም። አርጅቷል እንጂ አልሞተም። ቆይ ላሳይዎ።» ከመሳቢያዋ የእኔኑ የመሰለ ሌላ ስልክ አወጣች፤ ውስጡ ያልታደሰ ነው። ባትሪዬን እዚያ ከተተች። «አሁን የሚያጫውቱት ነገር አለ?» አለችኝ። የየኔታን ድምፅ ነገርኳት። ከእኔ ስልክ ላይ ወደ ትንሽዬ ካርድ ገልብጣ ወደዚያኛው ስልክ አሻገረችው። ከፈተችው።

እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እሷ የሌላ ሰው ስልክ ትፈታለች፤ ውጭ ባጃጆች ይጮኻሉ። ዜማው ዝቅ ብሎ እንደገና ከሚነሣበት ደረሰ። ተነሣ። አለፈ። ስልኩ አልጠፋም። ዜማው አለቀ፤ ሳሉ መጣ፤ ዝም አለ። «አንቺ፣ ወዴት ሄድሽ? ነይ እንጂ፣ በረደኝ።»

ከፋሲካ ጀምሬ የናፈቅሁት ቃል ነው። ያን ቀን ግን እንደ ፍርድ ነው የሰማሁት። ባትሪው የራሴ ነው። ደህና ነው። ሰውዬው አልሰረቀም።

«ታዲያ የእኔ ስልክ ለምን ይሞታል?» አልኳት።

«አፕዴት ተደርጓል። አዲሱ ሶፍትዌር የሚሠራው ለአዳዲሶቹ ስልኮች ታስቦ ነው። አሮጌው ያንን ሁሉ ተሸክሞ ሲሮጥ ይሞቃል፣ ይዘገያል፣ ባትሪ ይጨርሳል። ባትሪውም ያረጀ ሲሆን ሸክሙ ሲበዛበት ግማሽ ቀርቶት እንኳ ድንገት ይጠፋል።»

«ለጎረምሳ በሬ የተጠረበ ቀንበር በሽማግሌ በሬ ላይ ጫኑበት በይኛ።»

«እንደዚያ ነው።»

«አውርጅለት።»

«የድሮው የለኝም። ባገኘውም ሲጫን ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋዋል።»

«ማን ነው ያለ ፈቃዴ የጫነው? የማን ደጅ ልሂድ?»

መፍቻዋን አስቀምጣ በሐዘኔታ አየችኝ። «ያለ ፈቃድ አይጭንም፣ እማማ። መጀመሪያ ይጠይቃል። አንድ ሰው እሺ ብሎታል።»

ፋሲካ ነው፤ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄን ማታ ስነግረው፣ «ይፈጥንልሻል ብዬ ነበር» አለና አንገቱን ደፋ። እሱ በምን ያውቃል? የጠየቀው ነገር ምን እንደሚያስከፍለን አልነገረውም። «አዲስ መጥቷል» ነው ያለው። አዲስ ሁሉ መልካም የመሰለን ሁለታችንም ነን።

አገሬ ገብቼ ለሽማግሎቹ ነገርኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጺሙን ይዞ፣ «ያለፈውን ምን ይቀሰቅሱታል? ሰውዬውም ሄዷል» አለኝ። እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ፣ ያስማልኩት በር ላይ ቆሜ፣ «ባለሶላሩ አልሰረቀም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ተናገርኩ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ አንዱ፣

«እንግዲህ በረዶውም ተሳስቷል በሉና!» አለ።

ሳቁ። ለካ ስምን ለማጥፋት አንድ ሰው ይበቃል፤ ለመመለስ ግን መንደር ሙሉ አልታዘዝ ይላል።

ሰውዬውን ሳፈላልግ ኅዳር ገባ። ሉማሜ አውቶቡስ ከሚቆምበት አለፍ ብሎ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጎን የተቀደደ ጀሪካን ሲጠግን አገኘሁት። ከሰል ላይ ብረት ያግላል፤ በጋለው ብረት ፕላስቲኩን አቅልጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። ጢሱ ዓይን ያቃጥላል። ቀና ብሎ አየኝ፤ አወቀኝ።

«እማማ፣ ጀሪካን አመጡ?»

«አላመጣሁም።»

ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥቼ፣ እንደ አገራችን ደንብ፣ ማጅራቴ ላይ ተሸከምኩ። ወገቤ እንቢ አለኝ፤ ቢሆንም ጎንበስ አልኩ። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ዞረው አዩ።

«ያውርዱ፣ ሰው ያየናል» አለና ተነሥቶ ድንጋዩን ከላዬ ወሰደው። በርጩማውን ሰጠኝ፤ አልተቀመጥኩም። ሁሉንም ነገርኩት፤ አፕዴቱን፣ ጠጋኟን ሴት፣ በሌላ ስልክ ላይ ዜማው እስከ መጨረሻው መሄዱን። ብረቱን እሳት ውስጥ እንደያዘ ሰማኝ።

«ያኔም ነግሬዎ ነበር» አለ። «ስልኩ ነው የሚጠጣው ብዬ።»

«ነግረኸኝ ነበር።»

«ልጆቼ የሌባ ልጆች እየተባሉ ነው ከዚያ የወጡት።»

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ፣ ያ እልኸኛ ልቤ አንዲት ነገር አልለቅ አለ። በእውነቱ ከሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አልኩት። «ባትሪው የራሴ ከሆነ መስቀሉ የት ሄደ?»

«የምን መስቀል?»

በስክሪብቶ ያደረግሁትን ምልክት፣ መጥፋቱን አይቼ መክሰሴን፣ ሽማግሎቹን እንዳትነግሩት ማለቴን ነገርኩት። ብረቱን ከከሰሉ አወጣው፤ ጀሪካኑን ግን አልነካም። ብረቱ እጁ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ።

«የሁሉንም ባትሪ በአረቄ በነከርኩት ጨርቅ እጠርግ ነበር» አለኝ። «ላብና ቅባት ሲይዘው አይሞላማ። ስክሪብቶ ደግሞ በአረቄ ይለቃል። ያኔ ከወይራው ሥር መስቀሉ የት ሄደ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ይህንኑ እነግርዎ ነበር፣ እማማ። እናንተ የጠየቃችሁኝ ለውጠሃል ወይ ብላችሁ ብቻ ነው።»